ከመርፌው በኋላ ያሉት ደቂቃዎች
(ስለ ወገብ ማደንዘዣ የቀረበ ዲስኩር)



በአርባ ምንጭና በአካባቢዋ፣ ከጫሞና ከአባያ ሐይቆች ዳርቻ ቀበሌዎች አንስቶ እስከ ጨንቻና ቦንኬ ደጋ ድረስ፣ ምጥ ጠንቶባት ሆስፒታል የደረሰች እናት ኦፕራሲዮን እንደሚያስፈልጋት ሲነገራት ከቢላው እኩል የሚያስፈራት የወገብ መርፌው ነው። «ወገቤን ከወጉኝ በኋላ ጎንበስ ብዬ እህል ላጭድ፣ እንስራ ላዝል እችላለሁን?» የሚል ጥያቄ ለገጠር ሴት ቀላል አይደለም፤ ኑሮዋ የቆመው በወገቧ ነው። ስለዚህ ፍርሃቱን ለመናቅ አልቆምኩም። የምከራከረው ፍርሃታችን ቦታውን ስቷል ብዬ ነው። ሁላችንም ዓይናችንን የተከልነው መርፌው በሚገባበት ቅጽበት ላይ ነው፤ አደጋው ግን በአብዛኛው ያለው መድኃኒቱ ከተሰጠ በኋላ ባሉት ደቂቃዎች ውስጥ ነው። የምንፈራውን ካላወቅን የምንጠይቀውንም አናውቅም፤ መጠየቅ ያለበት ካልተጠየቀ ደግሞ መልስ የሚሰጥ አይኖርም።

በመጀመሪያ ነገሩን በስሙ እንለየው። ባለሙያዎች «ስፓይናል» የሚሉት ሰመመን ከወገብ በታች ያለውን አካል ለተወሰነ ሰዓት የሚያደነዝዝ ነው። ሕብለ ሰረሰራችን በአከርካሪ አጥንት ቦይ ውስጥ ከአንጎል ወደ ታች ይወርዳል፣ ነገር ግን ቦዩን እስከ መጨረሻው አይሞላውም። በአዋቂ ሰው ሕብለ ሰረሰሩ የሚያልቀው በመጀመሪያውና በሁለተኛው የወገብ አጥንት አካባቢ ነው፤ ከዚያ በታች በፈሳሽ ውስጥ የሚንሳፈፉ የነርቭ ዘለላዎች ብቻ ይቀራሉ። ባለሙያው የሁለቱን ዳሌ አጥንቶች ጫፍ በእጁ ዳብሶ፣ በመካከላቸው ያለውን መስመር መነሻ አድርጎ፣ መርፌውን በሦስተኛውና በአራተኛው ወይም በአራተኛውና በአምስተኛው የወገብ አጥንት መካከል ያስገባል። ጥርት ያለ ውኃ መሳይ ፈሳሽ ሲንጠባጠብ ቦታው መገኘቱን ያውቃል። ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መድኃኒት ቡፒቫኬይን ይባላል፤ ለወሊድ ቀዶ ሕክምና ከሁለት እስከ ሁለት ተኩል ሚሊ ሊትር ገደማ ይበቃል። መድኃኒቱ ከግሉኮስ ጋር ስለሚቀላቀል ከፈሳሹ ይከብዳል፣ ወደ ዝቅተኛው ቦታም ይወርዳል። ስለዚህ ከተወጋች በኋላ እናቲቱ እንዴት እንደምትተኛ መወሰን ራሱ የሕክምናው አካል ነው።

በሕዝቡ ዘንድ ግን «ወገብ መወጋት» የሚለው አነጋገር ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ነገሮችን ይጠቀልላል። አንደኛው አሁን የገለጽኩት ስፓይናል ነው። ሁለተኛው ኤፒዱራል የሚባለው ሲሆን መድኃኒቱ ከሕብለ ሰረሰሩ ሽፋን ውጭ፣ አብዛኛውን ጊዜ በቀጭን ቱቦ እየተጨመረ የሚሰጥ ነው፤ በበለጸጉት አገሮች የምጥን ሕመም ለማስታገስ የተለመደ ቢሆንም በእኛ ሆስፒታሎች ብዙም አይገኝም። ሦስተኛው ለምርመራ ፈሳሽ መቅዳት ነው፤ ማጅራት ገትር የተጠረጠረበት ልጅ የሚወጋው ለዚህ ነው። የፍርሃቱ አንድ ሥር እዚህ ላይ ይመስለኛል። ለምርመራ የሚወጋው ሰው ከመወጋቱ በፊትም በጠና የታመመ ነው። ማጅራት ገትር ይገድላል፤ የተረፈውንም መስማት ሊያሳጣው፣ አካሉን ሊያሽመደምደው ይችላል። ልጁ ሲሞት ወይም ሲጎዳ በቤተሰቡ ዓይን ውስጥ የሚቀረው በመጨረሻ ያዩት መርፌ ነው። በሽታው ያደረሰው ጉዳት ለመርፌው ይጻፍበታል፣ ከዚያም ለመውለድ የሄደችው ሴት ትወርሰዋለች።

የዚህ ሰመመን ታሪክ ራሱ የትኛው ችግር እውነተኛ፣ የትኛው የተጋነነ እንደሆነ ለመለየት ይረዳናል። እ.ኤ.አ. በ1885 ኒው ዮርክ ውስጥ ጄምስ ሊዮናርድ ኮርኒንግ የተባለ ሐኪም በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ኮኬይን በመውጋት የታችኛውን አካል ማደንዘዝ እንደሚቻል ጻፈ። በ1891 በጀርመኗ ኪል ከተማ ሃይንሪኽ ኲንከ ፈሳሹን በመርፌ የመቅዳትን ዘዴ አስተዋወቀ። በዚያችው ከተማ አውጉስት ቢር በነሐሴ 1898 ይህንኑ መንገድ ተጠቅሞ ለቀዶ ሕክምና የመጀመሪያውን ስፓይናል ሰጠ። ቢርና ረዳቱ ሂልደብራንት ዘዴውን በገዛ አካላቸውም ላይ ሞከሩት። ቢር ላይ ሲሞከር ሲሪንጁ ከመርፌው ጋር አልገጥም ስላለ ብዙ ፈሳሽ ፈሰሰበት፣ ሙከራውም ተቋረጠ። ረዳቱ ግን በሚገባ ደነዘዘ፤ ቅልጥሙን በመዶሻ ሲመቱት እንኳ ሕመም አልተሰማውም። በማግስቱ የተከተለው ራስ ምታት ቢርን ለቀናት አልጋ ላይ አዋለው፣ ቀና ባለ ቁጥር እየበረታ ሲተኛ የሚለቅ ራስ ምታት ነበር። ከ125 ዓመት በኋላም የዚህ ሰመመን የታወቀ ችግር ያው ነው። ሽባነት ከመጀመሪያዎቹ ገጠመኞች ውስጥ አልነበረም።

«ታዲያ ሽባ የሆኑ ሰዎች የሉም ወይ?» የሚል አድማጭ ይኖራል። ነበሩ፤ ታሪካቸውም በደንብ ተመርምሯል። እ.ኤ.አ. በ1947 በእንግሊዝ ቼስተርፊልድ በተባለች ከተማ ሆስፒታል ውስጥ ሁለት ሰዎች በአንድ ቀን ስፓይናል ከተሰጣቸው በኋላ ሽባ ሆኑ። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1950ዎቹ መጀመሪያ የሀገሪቱን ሐኪሞች አስደነገጠ፤ በእንግሊዝ ስፓይናል ለረጅም ጊዜ ተሸሸ። በችሎቱ የቀረበው ማብራሪያ የመድኃኒቱ ብልቃጥ የተዘፈዘፈበት ፌኖል በማይታይ ስንጥቅ ገብቷል የሚል ነበር፤ በኋላ የመረመሩት ደግሞ መሣሪያ የሚቀቀልበትን ዕቃ ለማጽዳት የዋለ አሲድ ሳይሆን አይቀርም አሉ። በሁለቱም ማብራሪያ ጉዳቱን ያደረሰው ባዕድ ኬሚካል ነው። በ1954 አሜሪካኖቹ ድሪፕስና ቫንዳም ከ10,000 በላይ ስፓይናሎችን ተከታትለው ከባድ የነርቭ ጉዳት አለማግኘታቸውን አሳተሙ። በ2009 ደግሞ የእንግሊዝ የሰመመን ሐኪሞች ኮሌጅ በአንድ ዓመት ውስጥ በመላ አገሪቱ ከተሰጡት፣ ከ700,000 በላይ ይሆናሉ ተብለው ከተገመቱት የስፓይናል፣ የኤፒዱራልና መሰል ሰመመኖች ስንቱ ዘላቂ ጉዳት እንዳደረሰ ቆጥሮ አሳተመ። አጠራጣሪውን ሁሉ ለመርፌው ብንጽፍበት እንኳ ከ100,000 ሰው 4 ገደማ ሆነ፤ ቸር ብለን ብናየው 2። ለወላድ ሴቶች አሃዙ ከዚህም ያንሳል።

የወገብ ሕመም ግን ከሽባነት የተለየ ጥያቄ ነው፤ መልሱም የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። መርፌው የገባበት ቦታ ለጥቂት ቀናት ማሳመሙ የታወቀ ነው። ለወራትና ለዓመታት የሚዘልቅ ሕመም ግን ሌላ ምንጭ አለው። እርግዝና የሆድን ክብደት ወደ ፊት ይስባል፣ ጅማቶችን ያላላል፤ ከወሊድ በኋላም ልጅ ማዘልና ማጥባት፣ ውኃና እንጨት መሸከም ይከተላል። በተወጉና ባልተወጉ እናቶች መካከል የተደረጉ ንጽጽሮች የረጅም ጊዜ የወገብ ሕመም በሁለቱም ዘንድ ተቀራራቢ እንደሆነ አሳይተዋል። «እኔ የማውቃት ሴት ከተወጋች ጀምሮ ያማታል» የሚለው ምስክርነት ሐሰት አይደለም፤ ሕመሙ እውነት ነው። የተሳሳተው ቀድሞ የመጣውን የኋለኛው ምክንያት ማድረጉ ነው፤ ካልተወጉት መካከል ስንቷን ያማታል ብሎ የጠየቀ የለምና። ለሴቲቱ «መርፌው አይደለም» ብሎ ማሰናበትም ሐኪምነት አይሆንም፤ የሚያማት ነገር መታየት አለበት።

እንግዲህ አደጋው የት ነው? መድኃኒቱ ሕመም የሚያስተላልፉትን ነርቮች ብቻ ለይቶ አያደነዝዝም። የደም ሥሮችን ጨምቀው የሚይዙትንም ያላላል። ደም በእግርና በሆድ ውስጥ ይጠራቀማል፣ ወደ ልብ የሚመለሰው ያንሳል፣ የደም ግፊት ይወርዳል። እርጉዝ በጀርባዋ ስትተኛ ማሕፀኑ ትልቁን ደም መላሽ ሥር ስለሚጫነው መውረዱ ይብስባታል። ማቅለሽለሽ፣ ዓይን መጨለም፣ ማላብ ይመጣል፤ ለጽንሱ የሚደርሰው ደምም ይቀንሳል። ይህ በጊዜ ከታየ መፍትሔው የታወቀ ነው፦ ሰውነቷን ወደ ግራ ማጋደል፣ ፈሳሽ በፍጥነት መስጠት፣ እንደ ኤፌድሪን፣ ፌኒሌፍሪን ወይም በጥንቃቄ የተመጠነ አድሬናሊን ያለ መድኃኒት። ካልታየ ግን በደቂቃዎች ውስጥ ልብ ሊቆም ይችላል። ሁለተኛው አደጋ ድንዛዜው ከታሰበው በላይ ወደ ደረትና ወደ አንገት ሲወጣ ነው። እጅ ይዝላል፣ ድምፅ ይቀጥናል፣ ትንፋሽ ያጥራል፤ ያን ጊዜ የሚያተርፋት በፊኛና በጭምብል፣ ካስፈለገም በቱቦ የሚያስተነፍሳት ሰው ብቻ ነው። ለዚህ ነው ስፓይናል የሚሰጥ ባለሙያ ሙሉ በሙሉ የሚያስተኛውን ጠቅላላ ሰመመንም መስጠት መቻል ያለበት። ብዙ ደም የፈሰሳት፣ ማሕፀኗ የተተረተረ እናት ደግሞ ከመጀመሪያውም ለስፓይናል ላትመች ትችላለች፤ የቀራትን ግፊት የያዘላት የደም ሥሮቿ መጨማደድ ነውና።

ይህን የሰማ ሰው «እንዲህ ከሆነማ ሙሉ በሙሉ አስተኝተው ይቅደዱኝ» ሊል ይችላል። ይህ ጠንካራው ተቃውሞ ነው፣ ማስረጃው ግን ወደ ሌላ አቅጣጫ ይመራል። እርጉዝ ሴት በጠቅላላ ሰመመን ስትተኛ የሆዷ ይዘት ወደ ሳንባዋ ሊገባ ይችላል፤ ጉሮሮዋ በእርግዝና ስለሚያብጥ ቱቦ ማስገባቱም ይከብዳል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1985 እስከ 1990 በተደረገ የሞት ቆጠራ በጠቅላላ ሰመመን ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው እናቶች በሰመመኑ ምክንያት የመሞት ዕድል በስፓይናልና በኤፒዱራል ከወለዱት ከ16 እጥፍ በላይ ይበልጥ ነበር፤ በኋላ ሥልጠናና መሣሪያ ሲሻሻል ልዩነቱ በጣም ጠበበ። በ2016 ላንሴት ግሎባል ሄልዝ ላይ የወጣ፣ ገቢያቸው ዝቅተኛና መካከለኛ የሆኑ አገሮችን ጥናቶች ያጠቃለለ ሥራ ደግሞ ጠቅላላ ሰመመን የእናትን የመሞት ዕድል ከ3 እጥፍ በላይ እንደሚያሳድግ አገኘ። እርግጥ ነው፣ ጠቅላላ ሰመመን የሚሰጣቸው ብዙ ጊዜ ቀድሞውኑ በከባድ ሁኔታ ላይ ያሉት ናቸው፤ አሃዙ ሙሉ በሙሉ የሰመመኑ ዕዳ አይደለም። ለእኛ አካባቢ ግን ሌላም ምክንያት ይጨመራል። ቱቦ ለማስገባት ጡንቻን በፍጥነት የሚያላላው ሱክሳሜቶኒየም ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለ ማቀዝቀዣ መቀመጥ አለበት፤ መብራት በሚቆራረጥበት ቆላ ይህ የዘወትር ፈተና ነው። ቡፒቫኬይን ማቀዝቀዣ አይፈልግም።

ስፓይናል በእንዲህ ያለ ቦታ ስንት ሕይወት እንደሚያተርፍ ለመገመት ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. ከ2010 እስከ 2013 በዚሁ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ፣ በያኔው ጋሞ ጎፋና በአጎራባቹ አካባቢ፣ ከጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ጋር የተሠራ የእናቶችን ሞት የመቀነስ ፕሮግራም በሦስት ወረዳዎች 38,312 ወሊዶችን መዘገበ። ፕሮግራሙ ልዩ ሐኪም ያልሆኑ ባለሙያዎችንና አዋላጆችን አሠለጠነ፣ ጤና ተቋማትን በመሣሪያ አደራጀ፣ በየጊዜው ክትትል አደረገ። የእናቶች ሞት በ100,000 በሕይወት የተወለዱ ሕፃናት ከ477 ወደ 219 ወረደ። ቅናሹ የበረታው ደግሞ ቀዶ ሕክምናን የሚጨምር የተሟላ ድንገተኛ የወሊድ አገልግሎት ባለበት ወረዳ ነበር። ክረምት ከበጋ የሚያስኬድ መንገድ አጠገብ ካሉት ቤቶች ሞቱ 220፣ መንገድ ከሌላቸው 598 ሆኖ ተገኘ። ሰመመን ብቻውን ይህን አላመጣም፤ ቀዶ ሕክምና ያለ ሰመመን ግን የለም፣ ሰመመንም ያለ ሠለጠነ ሰው የለም። ጥናቱ ያስተማረን ልዩ ሐኪም እስኪመጣ ሳይጠበቅ፣ ባለን ባለሙያ ላይ ሥልጠናና ክትትል ሲታከልበት ሞት እንደሚቀንስ ነው።

እዚህ ላይ ለሥራው ቅርብ የሆኑ ሰዎች የሚያነሱት ተቃውሞ አለ። «በገጠር ሆስፒታል የሰው እጥረት አለ፤ ስፓይናል ቀላል ስለሆነ ቀዳጁ ራሱ ወግቶ፣ ታጥቦ ቢቀድድ ምን ይላል?» ይላሉ። የሚለው ይህ ነው፦ አደጋው በሚመጣባቸው በእነዚያ ደቂቃዎች የቀዳጁ ዓይንና እጅ ሆድ ውስጥ ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም የሰመመን ማኅበራት ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጡት መመዘኛ የሰመመን ባለሙያ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ከታካሚው እንዳይለይ፣ የደም ግፊት ቢያንስ በየ5 ደቂቃው እንዲለካ፣ የኦክስጅን መለኪያ ጣት ላይ እንዲኖር ይጠይቃል። ይህ የሀብታም አገር ቅንጦት አይደለም። የግፊት መለኪያ፣ የጣት መለኪያ፣ ፊኛና ጭምብል፣ ጥቂት ብልቃጥ ኤፌድሪን ወይም አድሬናሊን፣ አንድ የሠለጠነ ሰመመን ሰጪ፤ ዝርዝሩ ይኸው ነው። በኢትዮጵያ የሰመመን ሥራ በአብዛኛው የቆመው ሐኪም ባልሆኑ አንስቴቲስቶች ትከሻ ላይ ነው፤ አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲም ከሚያሠለጥኑት አንዱ ነው። በጀት ሲመደብ እነሱን ማቆየት ከሕንፃ እኩል ሊታይ ይገባል።

ከመርፌው ራሱ ጋር የሚያያዘው እውነተኛ ችግር ደግሞ፣ ቀደም ብዬ እንዳልኩት፣ ራስ ምታቱ ነው። ሽፋኑ በተበሳበት ቀዳዳ ፈሳሽ ሲያፈስ የሚመጣ ሲሆን መጠኑን የሚወስነው የመርፌው ውፍረትና የጫፉ ቅርጽ ነው። በወፍራሙ ባለ 22 ቁጥር ስለታም መርፌ ከሦስት ሰዎች አንዱን ሊይዝ ይችላል፤ በቀጭን፣ ጫፉ እንደ እርሳስ በተቀረጸ መርፌ ግን ወደ ጥቂት በመቶ ይወርዳል። ስለዚህ የትኛው መርፌ ይገዛ የሚለው የግዢ ክፍል ውሳኔ በእናቲቱ ራስ ላይ የሚያርፍ ውሳኔ ነው። በእኛ ቆላ ይህ ተጨማሪ ትርጉም አለው። በአባያና በጫሞ ዙሪያ ወባ ስላለ ከወሊድ በኋላ ራሷን ያመማት እናት ወባ ነው ተብሎ ኪኒን ሊሰጣት ይችላል፤ የእርግዝና የደም ግፊት ያለባትም ራስ ምታቷ የመርፌ ነው ተብሎ ሊታለፍ ይችላል። ስትቀመጥ ይበረታል፣ ስትተኛ ይለቃል ወይ ብሎ መጠየቅ ብዙ ይለያል፤ ትኩሳት ካላት ወይም ግፊቷ ከፍ ካለ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ከባድ ወባ የደም መርጊያ ሴሎችን ስለሚቀንስም ከመወጋቷ በፊት መታሰብ ያለበት ጉዳይ ነው፤ ደም አልረጋ ባለ ሰው ላይ፣ ወይም የሚወጋው ቦታ ቁስል ካለው ስፓይናል አይሰጥም።

የመጨረሻው ተቃውሞ «ይህን ሁሉ ለምጥ ላይ ላለች ሴት መንገር ማስፈራራት ነው» የሚለው ነው። በከፊል እውነት ነው፤ ምጥ በያዛት ሰዓት ረጅም ማብራሪያ አይሰማም። ስለዚህ ቦታው ከዚያ በፊት ነው፦ በእርግዝና ክትትል፣ በጤና ኬላ፣ በእናቶች ማቆያ። ደግሞም ዝምታ ፍርሃትን አያጠፋም፣ ለወሬ ይተወዋል እንጂ። በጋሞ የአደባባይ ሸንጎ፣ በዱቡሻ ላይ፣ ነገር የሚቆረጠው ጉዳዩ የሚመለከታቸው ሰምተው ከተነጋገሩበት በኋላ ነው፤ በሆስፒታል የምንፈርመው ወረቀትም ከዚያ ያነሰ ክብር ሊኖረው አይገባም። ባል ወይም ወንድም ፈርሞ እሷ ያልሰማችው ስምምነት ስምምነት አይባልም።

ማስረዳት ግን መብት ብቻ አይደለም፤ የሕክምናው ደኅንነት የተንጠለጠለበት ነው። በስፓይናል እናቲቱ ነቅታ ትቆያለች። ግፊቷ ሲወርድ ከመለኪያው ቀድማ «አቅለሸለሸኝ» የምትለው እሷ ናት፤ ድንዛዜው ሲወጣ «እጄ ከዳኝ፣ ትንፋሼ አጠረ» የምትለውም እሷ ናት። ይህን የምትናገረው ግን ሊሰማት ስለሚችለው ነገር ቀድሞ ከተነገራትና የምትናገርበት ቋንቋ ሰሚ ካገኘ ነው። ከደጋው የወረደች፣ ጋሞኛ ብቻ የምትናገር እናት ራስጌዋ ላይ የቆመው ባለሙያ ቋንቋዋን ካላወቀ፣ በሆስፒታሉ ውስጥ እጅግ ርካሹና ፈጣኑ የማስጠንቀቂያ መሣሪያ ተዘግቷል ማለት ነው። አጠገቧ ቋንቋዋን የሚያውቅ አዋላጅ ወይም ነርስ ማቆም፣ ጥቂት የጋሞኛ ጥያቄዎችን ለተመደበ ባለሙያ ሁሉ ማስተማር ምንም መሣሪያ አያስገዛም።

ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ጥያቄያችንን እንለውጥ እላለሁ። «መርፌው ወገቤን ይሰብረዋል ወይ?» ለሚለው መልሱ ተገኝቷል፤ እጅግ አልፎ አልፎ ካልሆነ በስተቀር አይጎዳም። ነፍሰ ጡሯና ቤተሰቧ ይልቁንም እንዲህ ብለው ይጠይቁ፦ ከተወጋሁ በኋላ አጠገቤ የሚቆመው ማን ነው? ግፊቴን በየስንት ደቂቃው ይለካል? ቢወርድ የሚሰጠኝ መድኃኒት በእጁ አለ? ትንፋሽ ቢያጥረኝ ሊያስተነፍሰኝ ይችላል? በምናገረው ቋንቋ የሚሰማኝ አለ? የሆስፒታል ቦርድ አባላትና የዞኑ ጤና ኃላፊዎች ደግሞ እነዚህኑ አምስት ጥያቄዎች በበጀት ስብሰባ ላይ ያንሱ። ሁሉም በሰውና በዕቃ የሚመለሱ ናቸው፤ መልስ ያጣ ጥያቄ ካለ የሚጎድለው የትኛው ሰው፣ የትኛው ዕቃ እንደሆነ ወዲያው ይታወቃል፣ የሚጠየቅበትም ሰው ይታወቃል።